ጋሽ ጣሰው ዛሬ ስንት ወረዱ?

ገንዘብ አዋጥቶ አክሲዮን በሚገዛው የሐበሾች ማኅበር ውስጥ አክሲዮን የሚጠራው በኩባንያው ስም ሳይሆን ባመጣው ሰው ስም ነበር። ልማዱን ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ካለ አንድ የታክስ ቢሮ ጀርባ የሚሰበሰቡት አባላት የኩባንያዎቹን ስም መያዝ ታከታቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን በደንብ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ስንዱ ያመጣችው የርካሽ ዕቃ መደብር «ስንዱ» ተባለ። ስለሺ ያመጣው አየር መንገድ «ስለሺ» ተባለ። አቶ ጣሰው ያመጡት የቤት ብድር ባንክ ደግሞ፣ ያመጡት ሰው ሽማግሌ ናቸውና፣ «ጋሽ ጣሰው» ተባለ፤ ያውም በአንቱታ።

«ስለሺ እንዴት ዋለ?»

«ትንሽ ወርዷል፤ ነዳጅ ተወዶበት ነው።»

«ጋሽ ጣሰውስ?»

«እሳቸው ደህና ናቸው። ሁለት በመቶ ወጥተዋል።»

ከደጅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው የበሽተኛ ጥየቃ ይመስል ነበር።

የማኅበሩን ፖርትፎሊዮ፣ ማለት የተገዙትን አክሲዮኖች ሁሉ፣ የሚይዘው ኪዳኔ ነው። ኪዳኔ እንግልውድ ባለ አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የደም ሕዋስ ሲቆጥር ይውላል። የሥራው ጠባይ ኑሮው ውስጥ ገብቶበታል። ወጥ ሲቀምስ እንኳ ከድስቱ ሦስት ቦታ ሳይቀምስ «ጨው በዝቷል» አይልም፤ ከአንድ ቦታ ብቻ ቀምሶ መፍረድ ለእሱ ነውር ነው።

ማኅበሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስድስት ሲቋቋም አንድ ሕግ ያስጸደቀው እሱ ነበር። ማንኛውም አክሲዮን ከተገዛበት ዋጋ ሩቡን ያህል ከወረደ፣ ያለ ክርክር ይሸጣል።

«ያለ ክርክር?» አለ ያን ጊዜ ስለሺ። ስለሺ የኤርፖርት ሻትል ነጂ ነው፤ አየር መንገዱን የመረጠውም የተሳፋሪዎቹ ሻንጣ እየከበደው ሲመጣ አይቶ ነው። «እኛ? ያለ ክርክር?»

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። በዚያ ዓመት የሚወርድ ነገር አልነበረምና እጅ ማውጣት አያስከፍልም። ሹፌሩም ነርሷም ሁለተኛ ቤት እየገዙ ነበር። ሕጉ በበጋ እንደ ተገዛ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

ጋሽ ጣሰው ባንካቸውን ያመጡት ያኔ ነው። እሳቸው ከማኅበሩ ሁሉ ቀድመው ዴንቨር የገቡ ሰው ናቸው፤ ካፒቶል ሂል፣ ኮልፋክስ ዳር ካለ አሮጌ አፓርታማ ብዙ ዓመት በእግርና በአውቶቡስ ሥራ ተመላልሰው፣ በመጨረሻ ሞንትቤሎ ሠፈር ቤት ገዙ። ብድሩን የሰጣቸው ያ ባንክ ነበር።

«ማኔጀሩ» አሉ ለጉባኤው፣ «ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። በዚህ አገር ከወንበሩ ተነስቶ የጨበጠኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።»

ጥናታቸው ይኸው ነበር። ኪዳኔ ባንኩ ገቢውን ላላረጋገጠ ሰው ሁሉ እያበደረ መሆኑን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን አዳራሹ ለጋሽ ጣሰው አጨበጨበና ሠንጠረዡ ጭኑ ላይ ቀረ። አውጥቶ አላሳየውም። ዝም ያሰኘው ሳይንስ አልነበረም። የጋሽ ጣሰውን ልጅ ጽጌረዳን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ጽጌረዳ የአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ሁለቱ እንደሚገናኙ አባቷ አያውቁም፣ ወይም እንደማያውቁ ሆነዋል።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈና ጃንጥላው የሚፈለግበት ቀን መጣ። በሁለት ሺህ ሰባት ኅዳር ቅዳሜ ኪዳኔ ጉባኤው ፊት ቆመ። ሌሊቱን እንዴት እንደሚጀምር ሲያስብ አድሮ፣ ሲጀምረው ግን በለመዱት ልማድ ጀመረው።

«ጋሽ ጣሰው ሩቡን አልፈዋል» አለ።

«እኔ እዚህ ነኝ» አሉ ጋሽ ጣሰው ከፊት ወንበር።

«አክሲዮኑን ማለቴ ነው፣ ጋሼ።»

«ገብቶኛል። ግን አሁንማ ይነሳል! ወድቆ ወድቆ የት ሊደርስ ነው? አሁንማ መነሳቱ ነው፣ አንተ ልጅ።»

አዳራሹ መሬት መሬት አየ። ለጋሽ ጣሰው «ባንክዎ አይረባም» ብሎ የሚናገር አፍ በአውሮራ አልነበረም፤ ይሉኝታ አለ፤ ነገ በልቅሶም በሠርግም ፊታቸው መቆም አለ። ኪዳኔ ሁለት ነገር አየ፤ በአንድ በኩል ሕጉን፣ በሌላ በኩል ጽጌረዳን። ገንዘቡ የራሱ ቢሆን ምናልባት ሕጉን ያጥፈው ነበር። ግን ገንዘቡ የስንዱ የማታ ሥራ ነው፤ የስለሺ የበረዶ ቀን መንገድ ነው።

«ሰኞ ይሸጣሉ» አለ።

«ይሸጣል» አለችው ስንዱ በሹክሹክታ።

«ይሸጣል።»

ጋሽ ጣሰው አልተቆጡም። ተነሱ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «እንግዲህ ደህና ይዋሉ፣ አቶ ኪዳኔ» አሉ።

ከዚያች ቀን በፊት ጋሽ ጣሰው ኪዳኔን «አንተ ልጅ» እንጂ ሌላ ብለውት አያውቁም። የምትወዳቸው ሽማግሌ በድንገት አንቱ ሲሉህ፣ በሩን በፊትህ እንደ ዘጉት ይቆጠራል፤ ያውም ድምፅ ሳያሰሙ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ቀሩ። የትም ሲያገኙት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «እንደምን ሰነበቱ?» ይሉታል፤ እሱም ቤቱ እስኪገባ ያመዋል።

የኪዳኔ መከራ የጀመረው ግን ኋላ፣ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ነው።

ባንኩ በገና ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ። በፋሲካ ዋጋው የአውቶቡስ ትኬት አከለ። በሰኔ ነዳጅ ከአራት ዶላር አለፈና አየር መንገዱም ሩቡን ሲነካ፣ ስለሺ «ሽጠኝ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» ብሎ ራሱ እጁን አወጣ። ሰው ሁሉ ኪሱ ሲሳሳ ወደ ርካሽ መደብር ስለሚሄድ «ስንዱ» ብቻዋን ወደ ላይ ወጣች። ኪዳኔ ከሽያጩ ጥቂቱን ወደ እሷ አዛወረ፤ የቀረውን በጥሬ ገንዘብ ያዘ። መስከረም ላይ ባንኩ ጨርሶ ሲዘጋ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ትንሽ ከመቆረጡ በቀር አልተነካም ነበር።

ያን ጊዜ ውዳሴው ተነሳ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እጁን ይስሙታል። ፓርኪንግ ላይ መስኮት ዝቅ አድርገው ያመሰግኑታል። ኪዳኔ «ኧረ ተዉኝ፣ በእግዚአብሔር» ይላል፤ እነሱ ትሕትናውንም ጨምረው ያወሩለታል። አንድ ቀን ሃቫና መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ ስንዱ አገኘችውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያን ጊዜ ጋሽ ጣሰውን ባትሸጥልን ኖሮ ዛሬ አልቆልን ነበር! ለሰባራ ሳንቲም እንኳ አይሆኑም!» አለችው። ከሽንኩርቱ ሳጥን ማዶ ጋሽ ጣሰው ሽንኩርት ይመርጡ ነበር። የያዙትን ሽንኩርት መልሰው በቀስታ አስቀመጡ።

አሁን የቀረውን ነገር መናገር ይገባል። ኪዳኔ የሚወደው አንድ ሌላ አክሲዮን ነበረው፤ በማኅበሩ ሳይሆን በግሉ የያዘው። ቦልደር የሚገኝ፣ የሚታጠፍ ብስክሌት የሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ነው። አንድ ቅዳሜ ብስክሌቱን ለሙከራ ነድቶ ሲመለስ፣ የማጠፊያው ቁልፍ ጠንካራ ስለሆነ ቢላላ እንደሚሻል ተናገረ። የኩባንያው ኢንጂነር «ግሩም ሐሳብ!» ብሎ ጽፎ ያዘ፤ የአስተያየቱንም ባለቤት ስም ጠይቆ ጻፈ። ኪዳኔ ሰኞ አክሲዮኑን፣ ቁልፉ ሲላላለትም ብስክሌቱን ገዛ።

አክሲዮኑ ሩቡን ሲወርድ «ሕጉ የማኅበር ነው፤ ይህን ግን እኔ በዓይኔ አይቼ ያረጋገጥኩት ነው» አለ። ግማሹን ሲወርድ ጨምሮ ገዛ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ማየት አቆመ፤ ማስተዋል እንጀራው የሆነ ሰው አላይም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን የምታውቅ ጽጌረዳ ብቻ ነበረች።

«ለአባዬ ንገረው» አለችው።

«ምኑን?»

«ብስክሌቱን።»

«አብደሻል? እሳቸው ዘንድ ያለኝ ነገር ይህ ጥንቃቄዬ ብቻ ነው። እሱም ሲሄድ በምን ዓይን ያዩኛል?»

«አሁንስ በምን ዓይን ያይሃል? አንቱ ይልሃል እኮ!»

«ከሞትኩ በኋላ ንገሪያቸው።»

«አይ ኪዳኔ! የሰውን ደም ታያለህ፣ የራስህን አታይም» አለችና ተነስታ ሄደች።

ያም ሆኖ ጽጌረዳን ለመጠየቅ ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ጋሽ ዘውዱ፣ አቶ ጥሩሰውና ስለሺ ነበሩ። ሦስቱም የማኅበሩ አባላት ናቸው፤ ስህተቱም እዚያ ላይ ነው። አፈ ጉባኤው ጋሽ ዘውዱ በር ላይ ቆመው፣ ባርከው፣ መርቀው፣ ልጃቸውን ኪዳኔን ሲያመሰግኑ አንደበታቸው ወደሚያውቁት መንገድ ሄደ፦ «ያመኑት የማይከዳ፣ አስተዋይ፣ ጋሽ ጣሰውን እንኳ በጊዜው ባይሸጥልን ኖሮ…»

ስለሺ በክርኑ ጎሸማቸው። ጊዜው አልፎ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አሉ ጋሽ ጣሰው። «ላስብበት።»

ኪዳኔ ይህን ሲሰማ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ አስማላቸው። «በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ አክሲዮን አንድ ቃል እንዳይነሳ!»

«እሺ፣ ታዲያ ምን እንበል?» አሉ ጋሽ ዘውዱ ከልባቸው። «ሌላ ምን አለህ?»

ቀጠሮው የዋለው ጥቅምት መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ሳምንቱን ሙሉ ወርዶ፣ ሰው ቴሌቪዥን የሚያጠፋበት ሳምንት። የስለሺ ሻትል ተበላሸና፣ በባህላችን ሙሽራው ከልጅቷ ሠፈር እንኳ መድረስ በማይገባው ቀን ኪዳኔ ራሱ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ሞንትቤሎ ሄደ። ከቤቱ ሁለት መንገድ ርቆ ፓርክ አደረገና ወረዱ።

«እዚህ ጠብቀን» አሉ ጋሽ ዘውዱ። «እንዳትንቀሳቀስ።»

ጠበቀ። ሽማግሌ ቤት ሲገባ የተላከበትን ተናግሮ ተስፋ እስኪያገኝ ይቆማል፤ ተቀምጦ ከታየ ነገሩ ቀንቷል ማለት ነው። ጋሽ ጣሰው ሳሎን ደግሞ መንገድ ዳር ሰፊ መስኮት አለው። አንድ ጊዜ ብቻ ባልፍ፣ አለ ኪዳኔ በልቡ፣ ቆመው ይሁን ተቀምጠው አያለሁ። በእግሩ ቢሄድ ያውቁታል። የመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ብስክሌቱ አለ። የሹራቡን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ሳበና ወጣ።

በመጀመሪያው ዙር ቆመው ነበር። ይህ ገና ምንም አይደለም፤ ከአንድ ቦታ ቀምሶ አይፈረድም። በሁለተኛው ዙርም ቆመዋል፤ ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን ወደ ታች እያወናጨፉ ነው። ኪዳኔ ያን እጅ ያውቀዋል፤ የገበያ ግራፍ ነው። ማሉልኝ እኮ! ሦስተኛውን ዙር ፔዳሉን እየረገጠ መጣና ቤቱ ፊት ሲደርስ አንገቱን አሰገገ። ሦስቱ እንደ ቆሙ ናቸው። ጋሽ ጣሰው ግን የሉም።

ጋሽ ጣሰው የአክሲዮኑ ወሬ አታክቷቸው የቆሻሻ በርሜላቸውን እየገፉ ከጋራዡ ሲወጡ ኪዳኔ ፍሬን ያዘ። የላላው የማጠፊያ ቁልፍ ተፈታና ብስክሌቱ መሐል ለመሐል፣ እንደ ተሠራበት፣ በሚገባ ታጠፈ።

ኪዳኔ ከበርሜሉ ሥር ተዘርግቶ ሰማዩን አየ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ጣሰውን አየ።

«አቶ ኪዳኔ!» አሉ። «ምነው? ተጎዱ?»

«የለም፣ ጋሼ። ደህና ነኝ።»

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«በዚህ ሳልፍ…»

«ይሄስ ምንድን ነው?» ብስክሌቱን በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

ኪዳኔ አፉ ላይ ቀላል መልስ ነበረው። «ብስክሌት ነው» ብሎ ዝም ማለት ይችላል። ነገር ግን ክርኑ ይደማል፣ ሱሪው ተቀዷል፣ ሦስት ሽማግሌ በመስኮት ያየዋል፤ ከኋላቸው ጽጌረዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ለመጠበቅ የሚገባው ክብር ምን ያህል እንደ ቀረው መዘነውና ትንሽ ሆኖ አገኘው።

«አክሲዮን ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

«ኩባንያው… አክሲዮን አለኝ። በግሌ።»

ጋሽ ጣሰው በርሜሉን ለቀቁት። «ስንት ገዙት?»

«በሃያ ስድስት።»

«አሁንስ?»

«ትናንት ሳልወድ አየሁት፤ አንድ ዶላር ከሰማንያ።»

ጋሽ ጣሰው በጣታቸው አየር ላይ አንድ ነገር አሰሉ። ከዚያ፣

«አንተ!» አሉ።

ኪዳኔ ቀና አለ። ከሰማው ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ቃል ነው።

«አንተ! ሕግህስ? ያ ሩብህ?»

«ሕጉ የማኅበር ነው ብዬ…»

«ሩቡ ሲደርስ ለምን አልሸጥክም?»

«አሁንማ ይነሳል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጣሰው ፊታቸው መጀመሪያ ተኮማተረ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ በርሜላቸውን ተደግፈው ሳቁ። ማዶ ያለው ጎረቤት በሩን ከፈተ።

«ከእኔ ባንክ ይብሳል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የእኔ ባንክ ቢያንስ አልጣለኝም። ለመሆኑ ምን አይተህ ገባህበት?»

«ኢንጂነሩ» አለ ኪዳኔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስተያየቴን ጠይቆ ጻፈው። ቁልፉ ይላላ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሜንም ጽፏል።»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ጣሰው ቁልፉን አዩት፤ ኪዳኔንም አዩት።

«የእኔም ማኔጀር ተነስቶ ነው የጨበጠኝ» አሉ። «ሰው ሲያከብርህ ዋጋው አይታይህም።» እጃቸውን ሰጡትና አነሱት። «ና፣ ግባ። ደምህን ታጠብ።»

ሳሎን ሲገቡ ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው። ስለሺ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አቶ ጥሩሰው ከገቡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ አሁንም አልተነፈሱም።

«ስሙኝ» አሉ ጋሽ ጣሰው። «እናንተ ሁለት ጊዜ መጥታችሁ አንድ ሰው አመጣችሁልኝ። የማይሳሳት፣ ሩብ ሲወርድ ያለ ክርክር የሚሸጥ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ልጄስ አንድ ቀን ሩብ ብትወርድበት ብዬ!»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ኪዳኔ።

«ዝም በል። ያን ሰው አልፈልገውም፤ ይዛችሁት ሂዱ። ይሄን፣ ደጄ ላይ የወደቀውን ግን…» ወንበሮቹን በእጃቸው አመለከቱ። «ተቀመጡ።»

አቶ ጥሩሰው ከሁሉም ቀድመው ተቀመጡ።

«እኔም ቃል አለኝ» አለች ጽጌረዳ፣ ለኪዳኔ ክርን ጨርቅ ይዛ እየመጣች። «ሰኞ ጠዋት ብስክሌቱን ይሸጣል። ያለ ክርክር።»

«ጽጌ፣ አንድ ዶላር ከሰማንያ እኮ ነው። ከዚህ በታች የት ይደርሳል? አሁንማ…»

«ይነሳል!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ኪዳኔ ቃሉን ጠበቀ። ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሳይገባ፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኖ ያለውን ሁሉ ሸጠ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ሲውል ቀለል ብሎት ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ኮሪደሩ ላይ ነርሶች ሲጮሁ ሰማ፤ ስንት ሳምንት የወረደው ገበያ በአንድ ቀን እንደ ጉድ ተነስቷል። አላይም ብሎ ቆየ፣ ቆየና አየ፤ የሸጠውም ወጥቷል። ስልኩን መልሶ ኪሱ ሳይከት ጠራ።

«አንተ» አሉ ጋሽ ጣሰው፤ ሊያጽናኑት ደውለው ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸዋል። «ሸጥከው?»

«ሸጥኩት፣ ጋሼ።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት።»

«አይዞህ፣ በርታ።» ሳይጠይቁ መዝጋት ግን አልቻሉም። «ለመሆኑ፣ ስንት ወጣ?»